ሰው የሚያወጋባቸው ቤቶች፦ ከጃጁራ ሻይ ቤት እስከ ሆሳዕና ዲኤስቲቪ

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳዋጣ ሲጠይቀኝ፣ ባልደረቦቼ ስለ ዩኒቨርሲቲያችን አመሠራረት፣ ስለ ሕንፃዎቹና ስለ ምሩቃኑ እንደሚጽፉ አውቅ ነበር። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁትም ሶሮ ወረዳ፣ ጃጁራ ነው። ስለዚህ ማንም የማይጽፍበትን፣ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን ጉዳይ መረጥኩ፤ ሰው ከሥራና ከትምህርት ወጥቶ ቁጭ የሚልባቸውን ቤቶች።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችን ወደ ሆሳዕና ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ላይብረሪው አይደለም። "ያ የምንቀመጥበት ቤት አለ?" ይሉኛል። ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አለ። ወንበሩም አለ። ግን በየግድግዳው ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፣ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ቆሟል፣ "ልጆች ስንት ደረሱ?" ለመባባል እንኳ መጮኽ ግድ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንዱ "ኧረ ጸጥ ያለ ቦታ እንሂድ" ይላል። ጸጥ ያለው ቤት የት ሄደ? ድሮስ በእርግጥ ጸጥ ያለ ነበር? ዝም ያሰኘውስ ምን ነበር? እነዚህ የናፍቆት ጥያቄዎች ይምሰሉ እንጂ የታሪክ ጥያቄዎችም ናቸው። እንደ ታሪክ ጥያቄ ልመልሳቸው እሞክራለሁ።

ቤቶቹና ስማቸው

አማርኛችን ለመጠጥና ለጨዋታ ቤት ብዙ ስም አለው። ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ አረቄ ቤት አሉ፤ ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ የሚይዘው መሸታ ቤት ነው። ቡና ቤት የሚባለው ደግሞ ስሙ ቡና ሆኖ ቢራ የሚሸጥበት ነው። ግሮሰሪ ስንል የውጭ አገር ሰው ሸቀጥ መደብር ይመስለዋል፤ እኛ ግን የምናውቀው ጠባብ ቤት፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከኋላው የጠርሙስ መደርደሪያ፣ ከፊቱ አምስት ስድስት የመንግሥት ሠራተኛና መምህር ተቀምጦ የሚጫወትበትን ነው። እንግሊዞች ጸጥ ያለ ፐብ ሲሉ የሚያስቡት ቤት በእኛ አገር ካለ፣ እሱ ግሮሰሪ ነው። በደቡብ ደግሞ ቦርዴ አለ፤ መጠጥም ምግብም የሆነ፣ ገበያተኛ ጠጥቶት ረጅም መንገድ የሚሄድበት።

ከእነዚህ ቤቶች አብዛኞቹን የመሠረቱትና ያስተዳደሩት ሴቶች ናቸው። ጠማቂዋም፣ ሻጯም፣ ዱቤ መዝጋቢዋም፣ ሰካራም አስወጪዋም እሷ ነበረች። የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ስማቸውን ብትፈልጉ አታገኙትም። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሆሳዕና የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲያችንም ስሙን ከዚያው ወሰደ። ሆሳዕና የሚለውን ስም ያወጡላት ራስ አባተ ቧያለው እንደሆኑ ይነገራል። እንደ ሌሎቹ የደቡብ ከተሞች ሁሉ የአስተዳደርና የወታደር መቀመጫ ሆና ስታድግ፣ ጠጅ ቤቱና አረቄ ቤቱም ከአስተዳደሩ ጋር አብሮ ሰፋ። በገጠሩ የነበረው የእንሰት፣ የወተትና የቅቤ ባህል ግን በራሱ መንገድ ቀጠለ። በያሆዴ በዓል የሚቀርበው አተካና የሚበላው ሰው በደንብ እየተነጋገረ ነው፤ ማንም ከድምፅ ማጉያ ጋር አይፎካከርም።

ከዚያ አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ቶማስ ላምቢ የተመራው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ቡድን ወደ ደቡብ ወረደ፤ ሆሳዕና፣ ሶዶና ሲዳሞ መዳረሻዎቹ ነበሩ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ቢያስወጣም እምነቱ በአገሬው ሰው እጅ ተስፋፋ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሐዲያ ዞን ሕዝብ ሦስት አራተኛ ገደማው ፕሮቴስታንት ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ለርዕሳችን ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። አማኙ አይጠጣም፤ መሸታ ቤት መቀመጥም ለስሙ አይመቸውም። ስለዚህ በእኛ ከተሞች ከመሸታ ቤቱ ጎን ሌላ ቤት ጠንካራ ሆኖ ቆመ፤ ሻይ ቤቱ። ቦምቦሊኖና ሻይ ይዞ፣ ጨዋታውን ግን ከግሮሰሪው ሳያሳንስ።

ባትሪ ያመጣው ጸጥታ

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን አረብ ሪፐብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ስትወስድ፣ አገራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የይድነቃቸው ተሰማን ልጆች፣ እነ ሉቺያኖ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን፣ ከስታዲየሙ ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ያወቃቸው በጆሮው ነው። ለረጅም ጊዜ ስፖርት በኢትዮጵያ የጆሮ ጉዳይ ነበር።

በእኛ አካባቢ ሬዲዮ ሌላም በር ነበረው። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ስርጭት የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ እስኪወረስ ድረስ ዜናውንም መዝሙሩንም ሻይ ቤት ድረስ አምጥቷል። ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት ያለው ጠረጴዛ ሁሉ ወደ እሱ ይዞር ነበር።

እኔ የደረስኩበት ዘመን የደምሴ ዳምጤ ዘመን ነው። በ1980 ዓ.ም. ታኅሣሥ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ጃጁራ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ከውስጥ ያለው ሰው ከውጭ ካለው ያንስ ነበር። የደምሴ ድምፅ ሲወጣ እንወጣለን፣ ሲወርድ እንወርዳለን። አንድም ሰው ተጫዋቾቹን አላየም። ሁላችንም ግን አይተናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉልኝ። ጨዋታው እንዳለቀ ባለቤትየው ሬዲዮውን ዘጉት። ለምን? ባትሪ ውድ ነበር። የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ እንዲዘራ የሚደረግበት ጊዜ ነበር፤ ሬዲዮን ለማድመቂያ ብቻ ከፍቶ መተው ማንም የማያስበው ብክነት ነው። ሬዲዮ የሚከፈተው ለአንድ ነገር ነው፤ ያ ነገር ሲያልቅ ይዘጋል። በተዘጋው ሬዲዮ ዙሪያ ሰው ጨዋታውን እንደገና ይጫወተዋል፦ ማን እንደሳተ፣ ማን እንዳዳነ። ከዚያ ወሬው ወደ በሬ ዋጋ፣ ወደ ድንበር ሙግት፣ ወደ ሠርግ ይሻገራል። እንግዲህ "የድሮ ሻይ ቤት እንዴት ጸጥ ያለ ነበር" ስንል፣ ግማሹ ምስጋና የሚገባው ለጨዋነታችን ሳይሆን ለባትሪ ዋጋ ነው።

ሌላም ያነሰ ደስ የሚል ምክንያት ነበረ። በደርግ ዘመን በከተሞች የሰዓት እላፊ ነበር፤ የምሽት ሙዚቃን የገደለው እሱ ነው። ሰው በየቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ማን እንደሚሰማ ስለማያውቅ ነው። በደቡብ ብዙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኙ በሰው ቤት፣ መስኮት ዘግቶ፣ በለሆሳስ ይዘምር ነበር። የፍርሃት ጸጥታና የምቾት ጸጥታ ከውጭ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። የታሪክ ሰው እነዚህን ሁለቱን ማምታታት የለበትም። ዛሬ በድምፅ ማጉያ የሚዘምረውን ሰው ከመውቀሳችን በፊት፣ አባቱ በሹክሹክታ የዘመረ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

ድምፅ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሬዲዮ የሚያሰማው ጣቢያው የላከውን ነው፤ ካሴት ግን ባለቤቱ የመረጠውን፣ ደግሞ ደጋግሞ። የመብራት ኃይል መስመር በደረሰበት ከተማ የባትሪ ስስት ቀረ፤ ድምፁም ከጠዋት እስከ ማታ መሄድ ቻለ።

በውጭው ዓለም ይህ ነገር ቀደም ብሎ እንደ ንግድ ተጀምሯል። ጆርጅ ስኩዌር የተባሉት አሜሪካዊ ጄኔራል በሽቦ የሚላክ ሙዚቃን ሐሳብ አመንጭተው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ሙዛክ የሚል ስም ሰጡት፤ በኋላ በየሆቴሉ፣ በየፋብሪካውና በየሊፍቱ የሚሰማው ለስለስ ያለ ሙዚቃ ሁሉ በዚያ ስም ተጠራ። የዚያ ሙዚቃ ዓላማ እንዲደመጥ አይደለም፤ ሰው ሳያስተውለው ስሜቱን እንዲነካው ነው።

በሆሳዕና ግን የጀርባ ሙዚቃ የተለየ ሥራ ያዘ ብዬ አምናለሁ። እዚህ ሙዚቃው የቤቱ ማንነት መግለጫ ነው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሰሌዳ ሳያነብ በጆሮው ብቻ ቤቱን ያውቃል። መዝሙር የሚሰማበት ካፌ "እዚህ አልኮል የለም፣ እህቴም፣ ሽማግሌውም ይግባ" እያለ ነው። ዘፈን የሚሰማበት ቤት ሌላ መልእክት ያስተላልፋል። በሐዲይኛና በከምባትኛ የሚዘመረውም የሚዘፈነውም የቋንቋው ኩራት አለበት፤ በቋንቋው ትምህርት፣ መጽሐፍና ካሴት ሳያይ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ "ዝም አሰኙት" ማለት ለአንዳንዱ ባለቤት "ሰሌዳህን አውርድ" እንደማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ጎረቤቱም የራሱን ሰሌዳ በድምፅ ሲያቆም፣ ሁለቱም ደግሞ ለመሰማት ከፍ ከፍ ሲያደርጉ ነው።

ይህ መፎካከር በሰው ጉሮሮም ውስጥ አለ። ኤቲየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስተዋለው፣ በአካባቢው ጩኸት ሲጨምር ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ተራ ወግ በአንድ ሜትር ርቀት 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። የጀርባው ድምፅ ከዚያ ሲያልፍ አንዱ ጠረጴዛ ይጮኻል፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ አንደኛውን ለመብለጥ ይጮኻል፣ ባለቤቱ ሙዚቃው አልተሰማም ብሎ ይጨምራል። ማንም አልከፋም፤ ሁሉም ግን ራሱን ታሞ ይወጣል።

ዲኤስቲቪ ሲገባ

ቴሌቪዥን ሲመጣ መጀመሪያ እንደ ሬዲዮው ነበር። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ኃይሌ ገብረሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ቀድሞ ሲገባ፣ ሰው ለዚያች ሩጫ ተሰበሰበ፣ አለቀሰ፣ ጨፈረ፣ ከዚያ ተበተነ። ስፖርቱ ቀጠሮ ነበር።

በሳተላይት የመጣው ዲኤስቲቪ ቀጠሮውን ወደ ኑሮ ለወጠው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲመሠረት ከሳተላይት ቴሌቪዥን ገንዘብ ጋር ነው የተወለደው፤ እዚያም ፐቦች ያኔ ነው በስክሪን የተሞሉት። አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ የሚደረጉ ጨዋታዎች ስታዲየም እንዳይራቆት ተብሎ ለአሥርተ ዓመታት በአገሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይታዩም። ሆሳዕና ላይ ግን ያው ጨዋታ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይታያል። የለንደኑ ሰው በሬዲዮ የሚከታተለውን የእኛ ልጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ በዓይኑ ያየዋል።

ባለቤቶቹ ለምን ገዙት? ሒሳቡን አስቡት። ጸጥ ባለ ሻይ ቤት አንድ መምህር በአንድ ሻይ ሦስት ሰዓት ሊቀመጥ ይችላል፤ እኔም ተቀምጬ አውቃለሁ። ጨዋታ ባለበት ቤት ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ቤቱ ይሞላል፣ በእረፍት ሰዓት ሁሉም ያዛል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሁሉም ይወጣል፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ሌላ ሰው ይገባል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ ከዚያ የተላከው ገንዘብ የከተማችንን ፎቅ ሠርቷል፣ ሱቅ ከፍቷል፣ ካፌና ሆቴልም አቁሟል። በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻችን ወደ ግቢ ሲገቡ፣ የአርሴናልና የማንቸስተር ክርክር ቀድሟቸው ገብቶ ነበር።

እዚህ ላይ ለዲኤስቲቪ ቤት ጠበቃ ልቁምለት። ከሱ በፊት የማይጠጣ ወጣት ማታ ከጓደኛው ጋር የሚቀመጥበት ቦታ ጥቂት ነበር። ጨዋታ ማየት ግን ከመጠጥ ጋር የግድ አልተቆራኘም፤ በአንድ አግዳሚ ላይ አንዱ ሻይ፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ቢራ ይዞ ይቀመጣል። የሙሉ ወንጌሉ፣ የኦርቶዶክሱ፣ የካቶሊኩና የሙስሊሙ ልጅ የተከፋፈለው በማልያ ነው። ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ጸጥታን የሚናፍቅ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ያ ጸጥ ያለ ቤት ማንን ከደጅ አስቀርቶ እንደነበር መጠየቅ አለበት።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.ንም አልረሳም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች፤ ጎሏን አዳነ ግርማ አገባ። ቀኑን አስተዋላችሁ? ዋንጫውን ከወሰድንበት ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ልክ 51 ዓመት ነው። ያን ዕለት በኔልስፕሩት ስታዲየም ባንዲራ ለብሰው ከነበሩት መካከል የእኛ አካባቢ ልጆች እንዳሉ ስለምናውቅ፣ ሆሳዕና ላይ ሰው ኳሷን ብቻ አልነበረም የሚያየው፤ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ወንድሙን ይፈልግ ነበር። ስክሪን የራቀን ሰው ሊያቀርብ እንደሚችል ከዚያ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ የተገላቢጦሹ መጣ። ሀዲያ ሆሳዕና ፕሪምየር ሊጉን ሲቀላቀል አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም የከተማው ሳሎን ነበር። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ለሱፐርስፖርት ተሸጦ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር፣ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወሩ በአንድ በአንድ ቦታ ተደረጉ። ኮሮናም ነበረ፣ የስርጭቱ አሠራርም እንዲያ ይመቸዋል። ለሊጉ ገንዘብና ዝና ነው። የሆሳዕና ደጋፊ ግን የገዛ ክለቡን በእግሩ ሄዶ ከማየት ይልቅ እንደ ሊቨርፑል በስክሪን ማየት ጀመረ። ስታዲየም ውስጥ ተጫዋቹ ይሰማኛል ብሎ የሚጮኸው ሰው፣ አሁን ለማይሰማው ግድግዳ ይጮኻል።

ምን ቀረ? ምን ጎደለ?

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. ስለሚመኘው ፐብ በጋዜጣ ጽፎ ነበር። ከዘረዘራቸው ነገሮች አንዱ፣ ሬዲዮም ፒያኖም የሌለበት፣ ሰው የሚነጋገርበት ቤት መሆኑ ነው። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቤት የለም ይላል። በኋላ ዌዘርስፑን የተባለው የፐብ ድርጅት ሙዚቃ የሌለባቸው ቤቶች ከፍቶ፣ ለአንዳንዶቹ ኦርዌል ለዚያ ለምኞቱ ቤት ያወጣውን ስም ሰጣቸው። እዚያው አገር ፓይፕዳውን የሚባል ማኅበር በየሱቁና በየፐቡ ያለውን የማይጠየቅ ሙዚቃ ይቃወማል። ስለዚህ የእኛ ቅሬታ የሽማግሌ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ብዙ ጓደኛ ያለው ጭቅጭቅ ነው።

በእኛም አገር ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መነሻነት በወጣው ደረጃ፣ በመኖሪያ ሠፈር የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት አወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከለከለ፣ በዝግ የሕዝብ ቦታ ማጨስን አቆመ። ብዙ ግሮሰሪ ዛሬ ጭስ የለበትም፤ ይህ ከ20 ዓመት በፊት ሊታመን የማይችል ነገር ነበር። ከጭሱ የተላቀቅን ሰዎች ከጩኸቱ መላቀቅ አያቅተንም። ግን ዴሲቤል በሕግ ይለካል እንጂ ወግ በሕግ አይመለስም።

የጎደለውን በግልጽ ላስቀምጥ። በአካባቢያችን የሽምግልና ጉዳይ ሁሉ በዛፍ ጥላ ሥር አያልቅም። ሽማግሌዎች በይፋ ከመቀመጣቸው በፊት ሁለት ሰዎች የሆነ ቦታ ሻይ ይዘው "ይህን ነገር እንዴት እናለዝበው?" ይባባላሉ። የእድር ጉዳይ፣ የጋብቻ ጥያቄ፣ "ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ ልላከው ወይስ ትምህርቱን ይጨርስ?" የሚለው ከባድ ምክር የሚደረገው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። በዩኒቨርሲቲያችንም ቢሆን፣ ከመመረቂያ ጽሑፎቻችሁ ውስጥ ስንቱ ሐሳብ ከክፍል ውጭ፣ ከአማካሪያችሁ ጋር ሻይ ላይ እንደተገኘ እናንተው ታውቁታላችሁ። እነዚህ ንግግሮች በጩኸት አይደረጉም። ዝግ ያለ ድምፅ ይፈልጋሉ፤ አንዳንዴም ሁለቱም ሰዎች ዝም የሚሉበት ደቂቃ። ስክሪን ያለበት ቤት ያንን ዝምታ ወዲያው ይሞላዋል። ዓይን ወደዚያ ይሄዳል፤ ሊነገር የነበረው ከባድ ነገርም ሳይነገር ይቀራል። በቤትም በስልክም የማይነገር ነገር አለ፤ እሱ የሚነገርበት ቦታ ሲጠብ ከተማ ዋጋ ይከፍላል።

ታዲያ ጸጥ ያለው ቤት ጠፋ? አልጠፋም፤ ቦታ ቀየረ። ዛሬ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ጃጁራም ብትሄዱ በየበረንዳውና በየሕንፃው ሥር የጀበና ቡና አለ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦት ተዘርግቷል፣ ጥቂት በርጩማ ዙሪያውን አለ። በርጩማዎቹ ዝቅ ያሉና የተጠጋጉ ስለሆኑ ሰው መጮኽ አያስፈልገውም። የከሰሉ ሙቀትና የቡናው ሽታ ማድመቂያውን ይሠራሉ። አልኮል የለም፣ ስለዚህ አማኙም ይቀመጣል። በመሸታ ቤት ብቻዋን መቀመጥ የሚከብዳት ሴትም ትቀመጣለች፤ ይህ የድሮው ጸጥታ ያልነበረው ነገር ነው። ባለቤቷም እንደ ድሮው ሴት ናት። መቶ ዓመት ሙሉ የከተማችንን ወግ በብርሌ፣ በመለኪያ፣ በሻይ ብርጭቆ ያስተናገደችው ሴት፣ አሁን በስኒ ታስተናግደዋለች።

ይህ ደግሞ ለታሪክ ትምህርት ክፍላችን ሥራ ያመጣል። የአስተዳዳሪዎቹን ስም እናውቃለን፤ የጠጅ ቤቶቹን፣ የሻይ ቤቶቹንና የግሮሰሪዎቹን ባለቤቶች ስም ግን በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎችና እማማዎች ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ለመምህራን ባልደረቦቼ፦ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ተማሪ ሲመጣባችሁ ወደ እነዚህ እናቶች ላኩት። ቤቱን መቼ እንደከፈቱ፣ ማን ይቀመጥ እንደነበር፣ የመጀመሪያውን ሬዲዮና የመጀመሪያውን ቴሌቪዥን መቼ እንደገዙ፣ ገዝተው ሲያበቁ ደንበኛው ምን እንደሆነ ይጠይቃቸው። መቅረጫውን ከመክፈቱ በፊት ቡናቸውን ይጠጣ።

ለቀድሞ ተማሪዎቻችን ደግሞ፦ ለዚህ በዓል ስትመጡ በአዳራሹ ሙዚቃ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ጭፈራውም ደስ ይላል፣ ይኑር። ነገር ግን ከጭፈራው በፊት ባለው ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል ነፃ አድርጉ። ከግቢው በር ወጣ ብላችሁ የጀበና ቡና ዙሪያ ተቀመጡ። በዚያ ባች አብሯችሁ ገብቶ ሳይመረቅ የቀረውን፣ የት እንደደረሰ የማይታወቀውን ጓደኛችሁን ስም አንሱ። አንዳችሁ የሆነ ነገር ሰምቶ ይሆናል።